የሬሊቭሪዮ ጉዳይ፦ በ137 ታካሚዎች ማስረጃ ላይ የቆመ ውሳኔ

ኤኤልኤስ የያዘው ሰው ስለ አዲስ መድኃኒት ሲሰማ ሐኪሙን የሚጠይቀው «ይሠራል ወይ?» ብሎ ነው። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ መመለስ የሚችለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ መሥራት አለመሥራቱ ሳይታወቅ ቢወስዱት ምን ያገኛሉ፣ ምን ያጣሉ? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሲደበላለቁ ምን እንደሚከተል ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ጉዳይ ጥቀስ ብባል የምጠቅሰው ሬሊቭሪዮ የተባለው መድኃኒት ከ2020 እስከ 2024 በአሜሪካ ያለፈበትን መንገድ ነው። (ቀናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሽታውን ለማያውቅ ባጭሩ፦ ኤኤልኤስ ጡንቻን የሚያዙት የነርቭ ሕዋሳት እየሞቱ የሚሄዱበት ሕመም ነው። አንዱን ከእጁ ይጀምረዋል፣ ሌላውን ከእግሩ፣ ሌላውን ከምላሱ። ከየትም ይጀምር መድረሻው የመተንፈሻ ጡንቻ ነው። አብዛኞቹ ምልክቱ ከታየባቸው በኋላ የሚኖሩት ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ነው። በ1995 የጸደቀው ሪሉዞል ዕድሜ የሚያስረዝመው በጥቂት ወራት ነው። በ2017 የተከተለው ኤዳራቮን ደግሞ ጥቅሙ ሲያከራክር ኖሯል። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚነገረውን ሁሉ ጊዜ በሌለው ሰው ቦታ ሆኖ ማንበብ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሰዎቹ ለምን እንደዚያ እንደወሰኑ አይገባም።

የመድኃኒቱ ሐሳብ በ2013 የመጣው በብራውን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከነበሩት ከጆሽዋ ኮኸንና ከጀስቲን ክሌ ነው። አዲስ ነገር አልቀመሙም፤ ሁለት የታወቁ ነገሮችን አጣመሩ እንጂ። አንዱ ሶዲየም ፌኒልቡቲሬት ነው፤ በተፈጥሮ ችግር ምክንያት ሰውነታቸው አሞኒያ ማስወገድ ለሚያቅተው ሰዎች ከድሮ ጀምሮ ይታዘዛል። ሌላው ታውሩርሶዲዮል የሚባል የሐሞት አሲድ ሲሆን ያለ ሐኪም ትእዛዝም እንደ ማሟያ ይሸጣል። አንዱ በሕዋሱ ውስጥ ፕሮቲን የሚሠራበትንና የሚታጠፍበትን ክፍል፣ ሌላው ኃይል የሚያመነጨውን ማይቶኮንድሪያ ከጉዳት ቢከላከሉ የነርቭ ሕዋሱ ቶሎ አይሞትም የሚል ግምት ነበራቸው። አሚሊክስ የተባለ ድርጅት አቋቁመውም ወደ ሙከራ ገቡ። ወጪውን ከደገፉት አንዱ የአሜሪካ የኤኤልኤስ ማኅበር ነው፤ ገንዘቡም በ2014 ሰዎች በየአገሩ የበረዶ ውሃ አናታቸው ላይ እየደፉ ካዋጡት የተገኘ ነው። ኋላ ላይ «ይጽደቅልን» ብሎ አጥብቆ የወተወተው ማኅበር በሙከራው ላይ ገንዘቡን አውሎ ነበር ማለት ነው። ይህ ነውር አይደለም፣ ግን ክርክሩን ሲሰሙ ልብ ሊሉት ይገባል።

የመጀመሪያው ሙከራ ያሳየውና ያላሳየው

ሴንቶር የተባለው ሙከራ 137 ታካሚዎችን ይዞ ነበር። በዕጣ 89ኙ መድኃኒቱን፣ 48ቱ ማስመሰያውን፣ ማለትም መድኃኒት የሚመስል ግን መድኃኒት የሌለበትን ነገር፣ ወሰዱ፤ ማን ምን እንደደረሰው ታካሚውም ሐኪሙም አያውቁም። የተመረጡት ምልክቱ ከጀመራቸው ከ18 ወር ያልበለጣቸው፣ በሽታቸው ቶሎ ቶሎ ይሄዳል ተብሎ የተገመቱ ሰዎች ናቸው፤ በ24 ሳምንት ውስጥ ልዩነት ለማየት የግድ ነበር።

የታካሚዎቹ ሁኔታ በነጥብ የተለካበትን መለኪያ ትንሽ ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ ክርክሩ ሁሉ የተሽከረከረው በእሱ ዙሪያ ነውና። አሥራ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፦ ንግግር፣ ምራቅ፣ መዋጥ፣ የእጅ ጽሕፈት፣ ምግብ መቁረጥ፣ ልብስ መልበስና ንጽሕና፣ አልጋ ላይ መገላበጥ፣ መራመድ፣ ደረጃ መውጣት፣ ሦስቱ ደግሞ ስለ ትንፋሽ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጠዋል፤ ጤነኛ ሰው 48 ያገኛል። ለምሳሌ የእጅ ጽሕፈቱን እንውሰድ። እንደ ቀድሞው የሚጽፍ 4፤ ቀስ ብሎ ወይም ተጨማልቆ ቢጽፍም ቃሉ ሁሉ የሚነበብለት 3፤ አንዳንዱ ቃል የማይነበብለት 2፤ ብዕር መያዝ እየቻለ መጻፍ የማይችል 1፤ ብዕሩንም መያዝ ያቃተው 0።

በ24ኛው ሳምንት መድኃኒቱን የወሰዱት አማካይ ነጥብ 29.06፣ ማስመሰያ የወሰዱት 26.73 ሆነ፤ ልዩነቱ 2.32 ገደማ ነው። ከ48 አንጻር ሲያዩት ኢምንት ይመስላል። ግን የሚነበብ ማስታወሻ በሚጽፍ ሰውና ብዕር ይዞ መጻፍ ባቃተው ሰው መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ነጥብ ነው። ታካሚዎች «ትንሽ ነው» ሲባሉ ለምን እንደሚቆጡ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ሙከራው ካለቀ በኋላ ደግሞ ተሳታፊዎቹ ሁሉ፣ ማስመሰያ ላይ የነበሩትም ጭምር፣ መድኃኒቱን እንዲወስዱ ተፈቅዶ ምን ያህል እንደሚኖሩ ክትትል ተደረገ፤ ከመጀመሪያው የጀመሩት አማካይ የሕይወት ዘመን 25 ወር፣ ዘግይተው የጀመሩት ወይም ጭራሽ ያልጀመሩት 18.5 ወር ሆኖ ተዘገበ። ስድስት ወር ተኩል! በዚህ በሽታ ስድስት ወር ተኩል ብዙ ነው።

በሌላ በኩል ያለውን ደግሞ እንይ። በመሣሪያ የተለካው የጡንቻ ጉልበት አሳማኝ ልዩነት አላሳየም። የነርቭ ሕዋስ ሲፈርስ ወደ ደም የሚገባው ኒውሮፊላመንት የተባለ ፕሮቲንም በሁለቱ ቡድኖች አልተለያየም። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ሕዋሱ ከመሞት ተርፎ ከሆነ ፍርስራሹ ሊቀንስ በተገባ። በተጨማሪም ኤኤልኤስ እንደ ሰዉ ይለያያል፤ አንዱ በወር የነጥብ ሢሶ ሲያጣ ሌላው ሁለትና ከዚያ በላይ ያጣል። ማስመሰያ ከወሰዱት 48 ሰዎች ውስጥ ፈጣኖቹ ጥቂት በዝተው ቢገኙ ብቻ መድኃኒቱ የሠራ ይመስላል። የስሌቱ ውጤት 0.03 ነበር፤ መድኃኒቱ ምንም ባይሠራ እንኳ ይህን የሚያክል ልዩነት በዕጣ ብቻ ከመቶ ሦስት ጊዜ ገደማ ሊታይ ይችላል ማለት ነው። በኤኤልኤስ ታሪክ ውስጥ የከሸፉት ሙከራዎች ብዛት ሲታሰብ ደግሞ እንዲህ ያለ የዕድል ውጤት አንድ ቀን ብቅ ማለቱ የሚያስደንቅ አይደለም።

ኮሚቴው ሐሳቡን የቀየረበት ዓመት

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት፣ ኤፍዲኤ፣ ደንቡ በመርህ ደረጃ ሁለት ጥሩ ሙከራዎች ወይም አንድ እጅግ አሳማኝ ሙከራ ይጠይቃል። መጀመሪያ ላይ አሚሊክስ ሁለተኛና ትልቅ ሙከራ እንዲጨርስ ፍላጎቱ ነበር። ታካሚዎች ግን መጠበቅ አልቻሉም፤ ፊርማ አሰባሰቡ፣ ምክር ቤት ቀረቡ፣ በተሽከርካሪ ወንበርና በመተንፈሻ መሣሪያ እየታገዙ ተናገሩ። መሥሪያ ቤቱ ማመልከቻውን ተቀበለ።

ማርች 30 ቀን 2022 መሥሪያ ቤቱን የሚያማክረው የባለሙያዎች ኮሚቴ 6 ለ 4 ሆኖ ማስረጃው አይበቃም አለ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ካናዳ በቅድመ ሁኔታ አጸደቀችው። ሴፕቴምበር 7 ኮሚቴው እንደገና ተጠራ፤ ይህ በራሱ ያልተለመደ ነው። በመካከሉ አዲስ የታካሚ ሙከራ አልተጨመረም፤ የተጨመረው የድሮው መረጃ ተጨማሪ ትንተና ነበር። በዚያ ቀን ግን አንድ ነገር ሆነ። የኤፍዲኤ የነርቭ መድኃኒቶች ኃላፊ ዶክተር ቢሊ ደን ድርጅቱን በአደባባይ ጠየቁ፤ በመካሄድ ላይ ያለው ትልቁ ሙከራ ቢከሽፍ መድኃኒቱን በፈቃዳችሁ ከገበያ ታወጣላችሁ ወይ? ጀስቲን ክሌ አዎ፣ እናወጣለን ብለው ቃል ገቡ። ድምፁ 7 ለ 2 ሆኖ ተገለበጠ። ሴፕቴምበር 29 መድኃኒቱ ጸደቀ።

ስለዚህ ቃል ሐሳቤ የተከፈለ ነው። በአንድ በኩል ሕግ ሊያስገድደው የሚገባውን ነገር በአንድ ሰው አንደበት ላይ ማንጠልጠል ደካማ አሠራር ነው፤ ድርጅቱ ቢሸጥ ወይም ኃላፊው ቢቀየርስ? ደግሞም በሙሉ የጸደቀ መድኃኒት ማስወጣት ለመሥሪያ ቤቱ ረጅም ጣጣ ነው። በሌላ በኩል ቃሉ ባይኖር ኖሮ ድምፁ አይገለበጥም ነበር ብዬ አምናለሁ። የኮሚቴው አባላት «ይሠራል» አላሉም፤ «ከተሳሳትን መመለስ ይቻላል» ነው ያሉት።

አንድ ታካሚ ምን ይመዝን ነበር?

ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ወደ ምርመራ ክፍል ወረደ። በ2022 መጨረሻ ሐኪሙ ፊት የተቀመጠ ታካሚ የነበረው ምርጫ ይህን ይመስላል።

መድኃኒቱ ዱቄት ነው። አንድ ከረጢት በ240 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ ተበጥብጦ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከምግብ በፊት ይጠጣል፤ ለሦስት ሳምንት በቀን አንዴ፣ ከዚያ ሁለቴ። ጣዕሙ መራራ ነው፤ ስለ መድኃኒቱ የተናገረ ሁሉ ስለ ምሬቱ ሳያነሳ አያልፍም። የመዋጥ ችግር ለጀመረው ሰው ደግሞ ከምሬቱ ይልቅ ቅጥነቱ ይከብዳል፤ ውሃ የመሰለ ነገር ወደ አየር ቧንቧ ለመሄድ ከወፍራም ምግብ ይቀላል። የምግብ ቱቦ የገባለት በቱቦው መውሰድ ይችላል።

እያንዳንዱ ከረጢት 464 ሚሊ ግራም ሶዲየም አለው። በቀን ሁለት ሲሆን 928 ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ2,000 አይለፍ ከሚለው ግማሹን ይጠጋል። የልብ ድካም፣ የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ላለበት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ተቅማጥ፣ ማቅለሽለሽና የሆድ ቁርጠት በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይታያሉ። በሌላ በሽታ ቢሆን «ይለመዳል» ተብሎ ይታለፋል፤ በኤኤልኤስ ግን ክብደት መቀነስ ዕድሜን ከማሳጠር ጋር የተያያዘ ምልክት ነው። ስለዚህ አንድ ጥሩ ሐኪም ከማዘዙ በፊት የሚጠይቀው ስለ ተስፋ ሳይሆን ስለ ኪሎ ነው፦ ባለፉት ሦስት ወራት ምን ያህል ቀንሰዋል? ምግብ እንዴት ነው? ኪሎው እየወረደ ላለ ሰው ሚዛኑ በአንድ ተቅማጥ ሊገለበጥ ይችላል።

ሌላው ዋጋ ዕድል ነው። አንድ ታካሚ ወደ ሙከራ የሚገባበት በር ጠባብ ነው፤ ምልክቱ ከጀመረ የተወሰነ ወር ካለፈ ወይም የትንፋሽ አቅሙ ከተወሰነ መጠን ከወረደ በሩ ይዘጋል። አዲስ መድኃኒት መጀመር አንዳንድ ጊዜ ሌላ ሙከራ ለመግባት ያስጠብቃል። ይህን የሚያነሱ ቤተሰቦች ጥቂት ናቸው፤ የሚያነሳላቸው ሐኪምም እንደዚያው።

ገንዘቡ ደግሞ አለ። ድርጅቱ ለአንድ ዓመት 158,000 ዶላር ተመነበት። የመድኃኒቶችን ዋጋ ከጥቅማቸው ጋር የሚመዝነው አይሰር የተባለ ገለልተኛ ተቋም በበኩሉ ይገባዋል ያለው ከ9,000 እስከ 30,000 ዶላር ገደማ ነበር። መድን ያለው ሰው ዋጋውን በቀጥታ ላይከፍል ይችላል፤ ነገር ግን ማረጋገጫ እስኪሰጥ ያለው ደብዳቤና ስልክ ከቤተሰቡ ጊዜ ላይ ይነሳል። አንዳንዶች ከዚህ ሁሉ ይልቅ ታውሩርሶዲዮሉን በኢንተርኔት እየገዙ ራሳቸው መቀላቀል ጀመሩ፤ የንጽሕናውንና የመጠኑን ነገር የሚቆጣጠር የለም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ደምሮ «እወስዳለሁ» ያለ ሰው ተሳስቷል? በእኔ እይታ አልተሳሳተም። ኪሎው ያልወረደ፣ ልቡና ኩላሊቱ ደህና የሆነ፣ መድኑ የሚሸፍንለት ሰው ሊያጣ የሚችለው ጥቂት ነበር፤ ሊያገኝ የሚችለው ደግሞ ስድስት ወር። «ይቅርብኝ» ያለውም አልተሳሳተም። የሁለቱም ውሳኔ ባለው መረጃ ልክ ነበር። የተቋሙ ውሳኔ ግን በሌላ ሚዛን ይመዘናል፤ ማጽደቅ ማለት ለአንድ ሰው «ሞክር» ማለት ሳይሆን ለሁሉም «ይሠራል» ብሎ ማኅተም ማድረግ ነውና። ታካሚው የጠየቀው የመሞከር መብት ነበር፤ የተሰጠው የመሥራት ማረጋገጫ ሆነ። ያለ ማጽደቅም መድኃኒቱን በሰፊው ለማዳረስ መንገድ ነበረ፦ ከሙከራው ውጭ ላሉ ታካሚዎች በልዩ ፈቃድ የሚሰጥበት አሠራር። በዲሴምበር 2021 የወጣው የኤኤልኤስ ሕግም ለዚሁና ለሌሎች ተያያዥ ሥራዎች በየዓመቱ እስከ 100 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዶ ነበር። ያ መንገድ ግን ቢሮክራሲው ብዙ ነው፣ ትርፍም የለበትም።

ትልቁ ሙከራ

ፊኒክስ የተባለው ሁለተኛ ሙከራ በአሜሪካና በአውሮፓ 664 ታካሚዎችን ይዞ 48 ሳምንት ሄደ። ከመጀመሪያው ሁለት ነገሮች ይለዩታል፤ ጊዜው እጥፍ ነው፣ በሽታቸው ቀስ ብሎ የሚሄድባቸውንም ይጨምራል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ደግሞ አለ። ሙከራው ሊጠናቀቅ የቻለው የተጀመረው ከማጽደቁ በፊት ስለነበረ ነው። መድኃኒቱ በየመድኃኒት ቤቱ ከተገኘ በኋላ ማስመሰያ ሊደርሰኝ ይችላል ብሎ 48 ሳምንት የሚቀመጥ ሰው ማግኘት ይከብዳል። በአውሮፓ ደግሞ የመድኃኒት ኤጀንሲው በ2023 ፈቃድ ከልክሎ ስለነበር እዚያ ያሉ ተሳታፊዎች ወደ ሌላ የሚሄዱበት በር አልነበራቸውም። የአውሮፓ ታካሚዎች ያኔ እንደተበደሉ ተሰምቷቸው ነበር፤ እውነቱን ያወጣው ግን በከፊል የእነሱ ትዕግሥት ነው።

ማርች 8 ቀን 2024 ውጤቱ ወጣ። በመድኃኒቱና በማስመሰያው መካከል ልዩነት የለም። ያ በሴንቶር 0.03 የነበረው ስሌት በፊኒክስ 0.667 ሆነ፤ ከዕጣ የማይለይ ነው። ሁለተኛ ደረጃ መለኪያዎቹም እንዲሁ። ቀስ ብሎ የሚሄድባቸው ሰዎች መጨመራቸው ውጤቱን አደብዝዞት ይሆን የሚል ጥያቄ ተነስቶ ነበር፤ ፈጣኖቹ ለብቻ ሲታዩም ተስፋ የሚሰጥ ነገር አልተገኘም። በዚያው ሰሞን በአውሮፓ ታውሩርሶዲዮልን ብቻውን የሞከረ ሌላ ጥናትም ከሸፈ።

አፕሪል 4 ድርጅቱ ቃሉን ጠበቀ፤ መድኃኒቱን ከአሜሪካም ከካናዳም ገበያ እንደሚያወጣ አስታወቀ፣ ከሠራተኞቹም 70 በመቶውን እንደሚያሰናብት። በ2023 ብቻ የ380 ሚሊዮን ዶላር ሽያጭ የነበረው መድኃኒት ነው። ብዙ ድርጅቶች በዚህ ቦታ ቢሆኑ ሌላ ትንተና፣ ሌላ ንዑስ ቡድን እየፈለጉ ዓመት ይገዙ ነበር። ለኮኸንና ለክሌ ይህን ያህል ምስጋና ይገባቸዋል።

ከዚህ ጉዳይ ጎን አንድ ሌላ መቀመጥ አለበት። ኤፕሪል 25 ቀን 2023 ያው መሥሪያ ቤት ቶፈርሰን የተባለውን መድኃኒት አጸደቀ፤ ኤስኦዲ1 በተባለው ጂን ለውጥ ምክንያት ኤኤልኤስ ለያዛቸው፣ ማለትም ከመቶ ሁለት ለሚሆኑት። የእሱ ሙከራ 108 ሰዎች ነበሩበት፤ በነጥብ መለኪያው በ28 ሳምንት አልተሳካለትም። ኒውሮፊላመንቱን ግን ከግማሽ በላይ ቀነሰው፣ የበሽታው መንስኤ የሆነውንም ፕሮቲን ዝቅ አደረገ። ማለት የሬሊቭሪዮ ግልባጭ ነው፤ አንዱ በነጥብ አሸንፎ በደም ምልክት ዝም አለ፣ ሌላው በነጥብ ወድቆ በደም ምልክት ተናገረ። ሁለቱን በ2023 አጠገብ ላጠገብ አስቀምጠው ምረጥ ቢሉኝ ሁለተኛውን እመርጥ ነበር፤ በየወሩ በወገብ መርፌ መወጋት ቢኖርበትም። የጸደቀውም በተፋጠነ መንገድ ነው፤ ይኸውም ተጨማሪ ማስረጃ የማምጣት ግዴታው በሕግ የተጻፈ ነው፣ በቃል የተያዘ አይደለም። ማረጋገጫው የሚጠበቀው የጂን ለውጡ ኖሯቸው ምልክት ገና ባልታየባቸው ሰዎች ላይ ከሚካሄድ ሙከራ ነው።

ሬሊቭሪዮን ሲወስዱ ለነበሩት በሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች ድርጅቱ አንድ አማራጭ ተወላቸው፦ ከሐኪማቸው ጋር ተነጋግረው መቀጠል የሚፈልጉ በነጻ ያገኛሉ፤ አዲስ ታካሚ ግን አይጀምርም። ይህ ደግሞ በየክሊኒኩ አዲስ ንግግር ከፈተ። «እኔን ረድቶኛል፣ ከወሰድኩ ወዲህ ቆሞልኛል» የሚል ሰው ነበር። ኤኤልኤስ ያለ ምንም መድኃኒትም አንዳንዱ ላይ ለወራት ጋብ ይላል፤ በአንድ ሰው ላይ ደግሞ ማስመሰያ የወሰደ ሌላ እሱ የለም፣ ስለዚህ የቆመው በመድኃኒቱ ይሁን በራሱ የሚለይበት መንገድ የለም። ያም ሆኖ ሐኪሙ ፊት የሚቀመጠው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይልቅ ቀልሎ ነበር፦ ሆድዎ እንዴት ነው፣ ኪሎዎ ስንት ነው፣ ዱቄቱ ምግብዎን እያስቀረ ነው? እያስቀረ ከሆነ ማቆም፤ ካልሆነም ለሁለት የመራራ ውሃ ኩባያ የሚሄደውን ሰዓት ለምን እንደሚፈልጉት መጠየቅ።